ማኅበሩን ያስረከብኩበት ክረምት

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቦርዱ ተሰብስቦ መቼ እንደምሄድ ጠየቀኝ። በጨዋ ቋንቋ ነው የጠየቁት፤ «የአመራር መተካካት ዕቅድ» ይሉታል። ረጂዎቻችን ውሉን ከማደሳቸው በፊት ከእኔ ከፈንታነሽ በኋላ ማን እንደሚመራ ጠቅላላ ጉባኤው ወስኖ እንዲያሳውቃቸው ይፈልጋሉ። ካላሳወቅን ውል የለም። ውል ከሌለ ደግሞ ጉና ተራራ ላይ ለአዲስ አባል ቤት የሚሰጥ በግ የለም።

ሰብሳቢያችን አቶ ይሻው ጡረታ የወጣ ዳኛ ስለሆነ ሁሉን ነገር እንደ ፍርድ ነው የሚያነበው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። እኛ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ባላ ተንጠልጥለን ኖርን» አለ። «ባላው ገና አልተሰበረም» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

ኑሪያን የጠቆምኩት ራሴ ነኝ፤ ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝ ብያለሁ። ምክትሌ ሆና የቆየች፣ ሥራውን እጄ ላይ የተማረች ልጅ ናት። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ በተጠባባቂነት እንድትመራ፣ ነሐሴ 24 ደግሞ ጉባኤው እንዲያጸድቃት ተስማማን። «ቀስ በቀስ ይሁን እንጂ» አልኩ። ይህም በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለታደሰ ነገርኩት።

«እሰይ» አለ።

«እሰይ ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«እሰይ ማለት እሰይ ነው» አለና ራዲዮኑን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ አስተማሪ ነበር፤ እኔን ማስረዳት ግን አይወድም።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ዝናብ። ቢሮ ደረጃው ላይ ዞረብኝ፣ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ማንም አላየኝም። ሐኪሙ «ጨው ቀንሺ፣ ጉና መውጣትም ይቅርብሽ» ብሎኝ ነበር። ጨው ቀንሻለሁ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

የኑሪያ የመጀመሪያ ቀን። ወንበሬ ላይ ተቀመጪ አልኳት። «ኧረ እትዬ፣ እኔ እዚሁ ይመቸኛል» አለችኝ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛዋ ሳትነሣ። ሁለተኛ አልለመንኳትም።

የቢሮውን ቁልፍ ሰጥቻታለሁ። ማኅተሙ የሚቀመጥበትን ሣጥን ቁልፍ ግን ለጊዜው እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ፤ ካልለመዱት ይጣመማል። የጉና ሰዎችም ለጊዜው በእኔ ስልክ ይደውሉ። አዲስ ቁጥር ያደናግራቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ሙሉቀን የሚባል አባወራ ደወለልኝ። የማኅበራችን ደንብ አጭር ነው፦ ለአንድ ቤት አንዲት እርጉዝ በግ እንሰጣለን፤ ቤቱ የመጀመሪያዋን ሴት ግልገል ጡት ስትጥል ለጎረቤቱ ያሳልፋል፤ ጎረቤቱም በተራው እንዲሁ። ሙሉቀን የእሱን ተራ አላሳልፍም ብሎ ነው።

«ለመደችኝ እትዬ። ስጠራት ትመጣለች፣ ከእጄ ነው የምትበላ። ሌላ ሰው ጋ ሄዳ ትከሳብኛለች።»

«ሙሉቀን! ያሳደግኸውን ካላሳለፍክ ማኅበሩ ምኑ ማኅበር ነው? አንተስ በጓን ከማን ነው ያገኘኻት? የያዙትን አልለቅም ማለት ነውር ነው፣ ነውር!»

እሺ አለ፣ እያጉረመረመ። ኑሪያ ጽሑፏን አቁማ ስታዳምጥ ነበር። «ምነው?» አልኳት። «ምንም» አለች።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጾሙ ተፈታ። ገበያ ወጥቼ በርበሬ ስመርጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ፈንታነሽ ማኅበሩን ለቀቀች አሉ።»

«እሷ? ዝም በይ እቴ። ተዝካሯንም ራሷ ካልመራች አትሞት።»

ዘወር ብዬ ማንነታቸውን ላይ ፈልጌ ነበር፤ ዘወር አላልኩም። በርበሬውን በተባልኩት ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁ። ታደሰ ይህን ሲሰማ «ያምሻል እንዴ?» አለኝ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ኑሪያ ጎበዝ ናት፤ ይህን መካድ አልችልም። የጉና በጎች የክረምት ክትባት ለመጪው ሰኞ ተይዟል። ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተነጋገረች፣ መኪናውን ያዘች፣ ለነማሬ ቀበሌ አስቀድማ ላከች። ማሬ ማለት ከጉና አባሎቻችን የመጀመሪያዋ ናት፤ የእሷ መንደር ካመነበት ተራራው ሁሉ ያምንበታል። ሁሉንም እኔን ሳትጠይቅ ጨረሰች።

ችግሩ ሰኞ ለጉልበቴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። እኔ የሌለሁበት ክትባት ተደርጎ አያውቅም፤ ሰዎቹም ይቀየማሉ። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ደውዬ ክትባቱን ወደ ሐሙስ አዛወርኩት። ለሦስት ቀን ሰማይ አይወድቅም። ለኑሪያ ነገ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሳልነግራት ቀረሁ። ረስቼ ነው። ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆሞ ሐኪሙን ስትጠብቅ፣ ደውላ ብትጠይቀው «እትዬ ወደ ሐሙስ አዛውረውታል» ይላታል። መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እትዬ፣ ሰዎቹ እኮ በጎቹን አግተው እየጠበቁን ነው።»

«ደውይላቸዋ።»

«ዛሬ ላይኛው አገር ኔትወርክ ጠፍቷል።»

«እንግዲያ ሲጠብቁ ውለው ይበትኗቸዋል። የጉና ሰው መጠበቅ ያውቃል።»

እሺ ብላ ወጣች። መልስ አለመመለሷን እወድላታለሁ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ኑሪያ ዛሬ ቢሮ አልገባችም። ፈቃድ ጠይቃለች፣ ከማኅበሩ ጸሐፊ ነው የጠየቀችው፤ ከእኔ አይደለም።

አቶ ይሻው ስለ ጉባኤው ሊነጋገር መጣ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ የጉና አባሎች ኑሪያን ይቀበሏታል?» አለኝ። እኔ በበኩሌ ምንም እንደሌለብኝ ነገርኩት። ዙበይዳ የምትባለው እናቷ ጎረቤቴ ነበረች፤ በዓረፋም በፋሲካም ደጅ ለደጅ ስንጠያየቅ ነው የኖርን። ግን የላይኛው አገር ሰው እንግዳ ሲመጣ ያርዳል። የታረደለትን የማይበላ እንግዳ ደግሞ ቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። ክርስቲያን ያረደውን እሷ አትበላም። እሷን በእንግድነት መቀበል አንድ ነገር ነው፤ መሪዬ ናት ማለት ሌላ።

«ይህን ሲሉ ሰምተሻል?»

«እኔ የምለው፣ ሊሉ ይችላሉ ነው።»

አሰበና «እንግዲያ ሌላ ዕጩ እንፈልግ ይሆን? ወይስ አንቺው ትንሽ ትቆያለሽ?» አለ። ዝም አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም። ብቻ ዝም አልኩ። ከሄደ በኋላ ሻዬን መጠጣት አቃተኝ፤ የደም ግፊቱ ነው መሰል።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል። ክትባቱ ዛሬም የለም። እኔ ዝናብ አላዘንብ!

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ታደሰ ከፀጉር ቆራጭ ወሬ ይዞ መጣ። የኑሪያ ባል ነጂብ የልብስ ሱቁን ሊያከራይ ነው፤ ባሕር ዳር ሊገቡ ነው። ለኑሪያ እዚያ አንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ ሰጥቷታል፣ መልሷን እየጠበቀ ነው።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አልኩት። «እኔ ነኝ ሰው ያደረግኋት። ሳትነግረኝ!»

«ምን ብላ ትንገርሽ?»

«እሄዳለሁ ብላ።»

«ብትነግርሽ ኖሮ ምን ትያት ነበር?»

እሷ ከሄደች እስከ ጉባኤው የሚሆን ሰው አናገኝም፤ ውሉ አይታደስም። ተራቸውን የሚጠብቁ ቤቶች አሉ። ይህን ለታደሰ ስነግረው «ታዲያ እኔን ከምትነግሪ ለእሷ ንገሪያት» ብሎኝ ሄዶ ተኛ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ስለዛሬው በሥርዓቱ መጻፍ አለብኝ።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል ከእንስሳት ሐኪሙና ከኑሪያ ጋር ጉና ወጣን። መኪናው እስከቻለበት ሄዶ ቆመ፤ ለእኔ በቅሎ አመጡልኝ፣ እነሱ በእግራቸው። ብርዱ አጥንት ይገባል። እነማሬ መንደር ስንደርስ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ወጥተው ተቀበሉን፤ ግን ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ግልገሎች አልቀዋል። ትልልቆቹም ያስላቸዋል።

ሐኪሙ ሥራ ጀመረ። እኔን የማሬ ባል ጌጡ መደቡ ላይ፣ ከቆዳው ላይ አስቀመጠኝ። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ለእኔ ጠቦት አርደው ነበር። ተው ብዬ ብቆጣም ማን ይሰማኛል። ቀረበ። ኑሪያን ባይ የለችም። ይኸው፣ ያልኩት ደረሰ ብዬ አሰብኩ፤ ሰዎቹ ይበላሉ እሷ ውጪ ትቆማለች። እውነቱን ልጻፍ፣ ትክክል ነበርኩ ብዬ ደስ ብሎኛል።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በማድ ቤቱ በር ጭስ ይወጣል። ውስጥ ኑሪያ ዱካ ላይ ተቀምጣ ከማሬ ልጆች ጋር ዶሮ ወጥ ትበላለች። ደጃፉ ላይ የበግ ነጋዴው ሰዒድ ቢላዋውን ይጠራርጋል። ልጆቹ ጎመን በእንጀራ ነው የያዙት፤ ዶሮው የእሷ ብቻ ነው። ማሬ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ «ብዪ እንጂ፣ ምነው ዛሬ!» ትላታለች፤ እኔን በምትቆጣበት ቃና ሳይሆን የገዛ ልጇን በምትቆጣበት።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ይችማ የኑሪያ ድስት ናት» አለችኝ ማሬ፣ እንዴት አያውቁም በሚል ዓይን። «ቤት ለቤት አዋጥተን የገዛናት። የእኛ ሥጋ ነክቷት አያውቅ። እሷ በምታድርበት ቤት ትዞራለች። ሰዒድ ደግሞ ለገበያ ሲወጣ ያርድላታል፤ እሱ ባይኖር እንቁላል እንቀቅልላታለን።»

«መቼ ነው የገዛችኋት?»

«እንጃ፣ ይቺ ልጄ ሳትወለድ ነው» አለችና ፊደል የቆጠረች ልጇን አሳየችኝ። «አንቱማ ሁልጊዜ መደቡ ላይ ነዎ፤ ማድ ቤት የት ገብተው ያውቃሉ።»

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ማሬ ቀጠለች። «ሰኞ ለታ ከንጋት ጀምረን በጎቹን በረት አግተን ዋልን። ሳይግጡ ዝናብ ሲወርድባቸው ዋለ። ግልገሎቹ አልቻሉትም። ማግስቱን ይቺ ልጅ በዚያ ጭቃ በእግሯ ወጥታ ‹ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ› ብላ እግራችን ላይ ወደቀች። ምን ይደረጋል። ሰው ይሳሳታል።»

ኑሪያ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ትሪዋ ተመለሰች።

እኔም ዝም አልኩ። ተመልሼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ፣ ያጎረሱኝንም ጎረስኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ኑሪያ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ወይም የወሰዳት መሰለች።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ግልገሎቹን ከማሬ ቤት ጓሮ ነው የቀበሯቸው። ታደሰ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል። ጉልበቴን ነው እለዋለሁ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ለአቶ ይሻው የነገርኩትን ላርምለት ሄድኩ። ወገቡን ሊታጠብ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዷል፤ ሳምንት ይቆያል አሉ። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም ብዬ ተመለስኩ። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ነው። ቅዳሴ እያስቀደስኩ ሐሳቤ ሁሉ ቢሮ ነው። እንዲህ ያለ ጾም ለማን ይበጃል።

ኑሪያ ቤት ድረስ መጣች። ታደሰ ሰላም ብሏት ወደ ጓዳ ገባ፤ ጆሮው ግን ሳሎን ነበር።

«እትዬ፣ ባሕር ዳሮቹ መልስ ስጪን ብለውኛል። ከጉባኤው በኋላ ያለውን ሰኞ ነግሬያቸዋለሁ። ከሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ጉና ላይ ለምን የእኔን ጥፋት ወሰድሽ?»

«በእርስዎ ያመኑበት ማኅበር ነው። በእርስዎ እምነት ካጡ፣ በበጎቹም በክትባቱም እምነት ያጣሉ ብዬ ሠጋሁ። ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«ደግሞ እርስዎ ይነግሯቸዋል ብዬ ነበር።»

እንደ ልጅ «ልነግራቸው ነበር» አልኩ። አልነቀፈችኝም። ብትነቅፈኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተቆጥቼ እገላገል ነበር።

«እትዬ፣ እኔ መሄድ አልፈልግም። ነጂብም ሱቁን አልጠላም። ግን ሰው ሲደውል ለእርስዎ፣ ወረቀት ሲፈረም በእርስዎ፣ ሲበላሽ ደግሞ በእኔ ሆነ። አልቻልኩም።»

በር ድረስ ሸኘኋት። ስመለስ ታደሰ ከጓዳ ወጥቶ ቆሟል። «አልሰማሁም» አለኝ።

ሰምቷል። እኔም ይስማ ብዬ ነው ጮክ ብዬ ያወራሁት መሰለኝ፤ ብቻዬን መያዙ ከብዶኝ።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

የሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። አንዴ አዞረችው፤ ተከፈተ። አልተጣመመም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ከተማው በጅራፍ ጩኸት ተናጋ። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች መንገድ እየዘጉብኝ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን እየሰጠሁ፣ አቶ ይሻው ቤት ደረስኩ። ወገቡ ተሽሎታል።

ቆሜ ነገርኩት፤ ብቀመጥ ሌላ ወሬ እጀምር ነበር። ስለ ኑሪያ ያልኩት ከጉና ሰዎች አፍ ሳይሆን ከእኔ ሆድ እንደ ወጣ ነገርኩት። ድስቱን ነገርኩት። ክትባቱንም። ዳኛ አይደል፣ እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ለእኔ መንገርሽ ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን የሞተው የእኔ በግ አይደለም።»

ሙልሙል ቋጥሮ ሰጠኝ። መንገድ ላይ ለልጆቹ አከፋፈልኩት።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ነገ ነው። ምን እንደምል ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ታደሰ ጫማዬን ወልውሎ በር ሥር አስቀምጦልኛል። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አድርጎልኝ አያውቅም።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። የጉና ሰዎች ጋቢያቸው ረጥቦ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ማሬ መጥታለች፣ ጌጡም። ኑሪያ ጥግ ላይ ናት።

አቶ ይሻው ቃል ሲሰጠኝ ተነሣሁ። ስለ ሃያ ሁለቱ ዓመት የምናገር መስሏቸው ሊያጨበጭቡ ሲሉ «ቆዩ» አልኳቸው። «የሐምሌን ክትባት ያዛወርኩት እኔ ነኝ። እኔ ሳልኖር እንዳይደረግ ብዬ ነው። ለኑሪያ አልነገርኳትም። ግልገሎቻችሁ ያለቁት በእኔ ነው። እሷ የእኔን ተሸክማ ነው እግራችሁ ላይ የወደቀች። ያን ለታ ማድ ቤት ቆሜ ስሰማ ዝም አልኩ።»

ጌጡ ተነሣና ጋቢውን አስተካከለ።

«እትዬ፣ ይህንንማ ሐኪሙ ያን ለታውኑ ነግሮናል» አለ። «እኛ የምንጠብቀው እርስዎ እስኪነግሩን ነበር።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጌጡ ግን ተቆጥቶ አልነበረም። ለሽምግልና እንደሚደረገው ሁሉ «እግዜር ይፍታን» አለና ተቀመጠ፤ ሌሎቹም «ይፍታን» አሉ። ይህን ያህል ቀን ያውቁ ነበር። እኔ ስደውል «ደህና ነን እትዬ» ሲሉኝ ያውቁ ነበር።

ኑሪያ ለዋና ሥራ አስኪያጅነት በአንድ ድምፅ ተመረጠች። አንድም የተቃወመ የለም። እልልታውን ያስጀመረችው ማሬ ናት።

ከዚያ አቶ ይሻው ደግነት አድርጎ እኔን የክብር አማካሪ እንድሆን፣ ቢሮም ወንበርም እንዲኖረኝ ሐሳብ አቀረበ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ኑሪያ እጇን አወጣች።

«እትዬ ፈንታነሽን እንደ እናቴ ነው የማያቸው» አለች። «ግን ቢሮ ከመጡ እኔ ሥራ አስኪያጅ አልሆንም። እኔም እሳቸውን እያየሁ ነው የምወስነው፤ እናንተም እሳቸውን እያያችሁ ነው የምትሰሙኝ። አንድ ዓመት ቢሮ አይምጡ። የማኅበሩን ስልክም አያንሡ። ዓመቱ ሲሞላ ቤታቸው ሄጄ ምክር የምለምን እኔው ነኝ። ይህ ካልሆነ ግን ሰኞ ለባሕር ዳሮቹ እሺ እላለሁ።»

በሕዝብ ፊት! እጄ ላይ የተማረች ልጅ! አቶ ይሻው መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። «እንግዲህ… የኑሪያን ሐሳብ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

አንድ እጅ አልወጣም። ጌጡ መሬት መሬት ያያል። ማሬ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። በእኛ አገር ሽበት ያወጣች ሴት ፊት ለፊት ተቀምጣ «ትሂድ» ብሎ እጁን የሚያነሣ ሰው አልተወለደም። ይሉኝታ ሁሉንም ከወንበሩ ጋር ሰፍቶታል። ኑሪያም ገብቷታል፤ ቦርሳዋን ከመሬት አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። እኔ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዝም ማለት ደግሞ በዚህ ክረምት የተካንኩበት ሥራ ነው።

እጄን አነሣሁ።

«ፈንታነሽ፣ የምትናገሪው አለሽ?» አለኝ አቶ ይሻው።

«የለኝም» አልኩት። «ድምፅ እየሰጠሁ ነው።»

ክንዴ እስኪዝል ብቻዬን ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ጌጡ አነሣ። ከዚያ ከኋላው ያሉት፣ አንድ ሁለት እያሉ። ማሬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ከሁሉም በኋላ አነሣች።